ለድሮዎቹ ጨዋታዎች ታማኝ ተከታይ

(ጎንደር ከተማ፣ ፒያሳ አካባቢ በተዘጋጀ የወጣቶችና የወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተናገርሁት ቀርቧል።)

እንደምን አመሻችሁ?

ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ መንገዱ ጨቅይቶ ሳለ እዚህ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከአዘዞ የመጣችሁ፣ ከማራኪ በእግራችሁ የደረሳችሁ፣ ልጆቻችሁን አስከትላችሁ የተገኛችሁ ወላጆች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከፊት ለተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። መጨረሻ ላይ ከእናንተ ብቻ የምጠይቀው ነገር ስላለ እስከዚያ ታገሡኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ድሮ የቪዲዮ ጨዋታዎች ነው። «ስለ ጨዋታ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» ብለው የጠየቁኝ ሰዎች ነበሩ። እኔና እኩዮቼ ያደግነው በተረት፣ በገበጣ፣ በጨርቅ ኳስና በእነዚህ ጨዋታዎች ነው። ስለ ተረታችን እንናገራለን፤ ስለ ገና ጨዋታችን እንናገራለን። ታዲያ ስለ እነዚህኞቹ ለምን ዝም እንላለን? አባቶችም ብትሆኑ ከነገሩ ውጭ አይደላችሁም። በኖኪያ ስልክ ላይ እባቧን ያላሳደደ ከእናንተ መካከል ማን አለ? ያችን ጨዋታ ታኔሊ አርማንቶ የሚባል የኖኪያ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1997 ለወጣው 6110 ስልክ አዘጋጃት፤ ከዚያ በኋላ መናኸሪያ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ ያላገኛት ሰው አልነበረም።

የምናገራቸው ነጥቦች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ለድሮ ጨዋታ አዲስ ተከታይ ሲሠራ ታማኝነት ማለት ምን ማለት ነው? ሁለተኛው፣ አደራውን የጠበቁትና ያልጠበቁት እነማን ናቸው? ሦስተኛው፣ እኔ ተከታይ እንዲሠራላቸው የምፈልጋቸው የትኞቹ ናቸው? ሦስተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ስለሚሞቅ ድምፄ ከፍ ቢል አትቀየሙኝ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ቤት ላሳያችሁ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አራዳ ገበያ አጠገብ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በስተጀርባ አንዲት ክፍል ነበረች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ አፈር ነው። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን፣ አራት ጆይስቲክና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበሯት። አንድ ጨዋታ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። እኔና ታላቅ ወንድሜ እናታችን ለዳቦ ከምትሰጠን ላይ እየቆጠብን እዚያ እንገባ ነበር። የምንጫወተው ዊኒንግ ኢለቨን የሚባለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ሲዲው የጃፓን ስለነበረ በስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ በጃፓን ፊደል ነው። አንድም ቃል ማንበብ አንችልም። ሆኖም ከላይ ሁለተኛው መስመር ዋንጫ፣ አራተኛው መስመር ልምምድ እያልን ቦታውን በቃላችን ይዘን ነበር። ፊደሉን ሳናውቅ መጽሐፉን አነበብነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሚሞሪ ካርድ አልነበረንም። መብራት ከጠፋ ዋንጫው ጠፋ ማለት ነው። አንድ ቀን ወንድሜ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ተጫውቶ ለፍጻሜ ደረሰ። ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ለአንድ እየመራ ሳለ መብራት ጠፋ። ክፍሏ ውስጥ ያለነው ልጆች ሁላችን ጨለማው ውስጥ ዝም ብለን ተቀመጥን። የሚወጣ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

ያ ወንድሜ ውጭ አገር ሄደ። አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቶ ለጥምቀት መጣ። ፋሲል መዋኛ አካባቢ ሰዎች በስሙ ሲጠሩት ማን እንደሆኑ ግራ እየገባው ወደ እኔ ይመለከት ነበር፤ ሰፈሩን ራሱ መንገዱ ተለዋውጦ አልለየውም። ማታ ቤት ስንገባ ከአልጋ ሥር ያስቀመጥሁትን አሮጌ ፕሌይስቴሽን አውጥቼ ያንኑ ጨዋታ ከፈትሁለት። ጆይስቲኩን ያዘ። ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ እግሩ ሥር ሲገባ፣ ሳያስብ፣ ሳያይ፣ ሦስት ማዕዘኗን ቁልፍ ነክቶ በሁለት ተከላካዮች መካከል ኳሱን አሾለከው። ልክ የዛን ጊዜ እንደሚያደርገው። ከዚያ ቆም ብሎ እጁን ተመለከተ። «እጄ ያውቀዋል» አለኝ።

እጄ ያውቀዋል! ወገኖቼ፣ የመጀመሪያው ነጥቤ ይኸው ነው። ጨዋታ የሚቀመጠው እጅ ውስጥ ነው። ሥዕሉ ይረሳል፤ ሙዚቃው ደብዘዝ ይላል። ኳሱ ስንት እንደሚከብድ፣ ዝላዩ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ቁልፉን በነካሁበትና ሰውየው በተንቀሳቀሰበት መካከል ያለችው ቅንጣት ጊዜ ግን ከእጅ አይወጡም። ታማኝ ተከታይ ማለት ይህን የእጅ እውቀት የሚያከብር ማለት ነው። አሮጌው ተጫዋች አዲሱን ጨዋታ ሲይዝ እጁ ቤቱ እንደገባ ሊሰማው ይገባል።

ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ እድሳት ለሚናገር ሰው ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ ፋሲል ግቢ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በብረት ተጠገኑ። ሲሚንቶ ሲያዩት ብርቱ ነው፣ ቶሎም ይደርቃል። ነገር ግን የድሮውን ድንጋይ ያፍነዋል፣ እርጥበቱን ውስጥ ያስቀረዋል። ኋላ የመጡት ባለሙያዎች ወደ ኖራው መመለስ ግድ ሆነባቸው፤ ግንቡ ሲሠራ የተያያዘው በኖራ ነውና። በቅርቡ እድሳት ሲደረግስ መልኩ ተለወጠ፣ አልተለወጠም ብለን ስንት ቀን ተከራከርን? በየቡና ቤቱ፣ በየታክሲው የተከራከርነው የራሳችን ስለሆነ ነው። የጨዋታ ወዳጅም ሲከራከር እንዲሁ ነው። ከድሮ ጨዋታ ላይ ኖራውን አውጥተው ሲሚንቶ ሲሞሉበት እጁ ያውቃል፣ ይቆጣልም።

ሁለተኛው ነጥብ። አደራ የጠበቁ አሉ፤ በእነሱ ልጀምር።

ሴጋ ያሳተመው «ስትሪትስ ኦፍ ሬጅ» የሚባል የጎዳና ላይ ፍልሚያ ጨዋታ አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1991፣ ሦስተኛው በ1994 ወጣ፤ ከዚያ ጠፋ። ሃያ ስድስት ዓመት! አራተኛው በ2020 ወጣ፤ የሠሩት በልጅነታቸው ሲጫወቱት ያደጉ ፈረንሳውያን ናቸው። ምን አደረጉ? ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ በእጅ አዲስ ሣሉት። ርምጃውን፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚያስኬደውን መንገድ፣ የቡጢውን ምት ግን አልነኩም። አንዲት ሕግ ብቻ ለወጡ። በድሮው ልዩ ኃይልህን ስትጠቀም ከሕይወትህ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ሰው ይፈራና አይጠቀምበትም ነበር። በአዲሱ ይቀነሳል፣ ነገር ግን አንተን ምት ሳያገኝህ ተጋጣሚህን ደጋግመህ ከመታህ የተቀነሰው ይመለስልሃል። ልብ በሉ፣ ዋጋው አልተሻረም፤ ለድፍረት ግን በር ተከፈተለት። ለድሮ ወዳጆች ደግሞ የ1990ዎቹ ገጸ ባሕርያት በነበራቸው ነጠብጣብ መልክ ከውስጥ ተቀምጠውላቸዋል። እኔ ይህን ሳይ እንባዬ መጣ።

ሶኒክስ? ሰማያዊው ጃርት እ.ኤ.አ. በ1991 ተወለደ። በ2010 «ሶኒክ 4» ተብሎ ወጣ፤ ቁጥሩ የድሮዎቹ ቀጥተኛ ተከታይ መሆኑን ያውጃል። የተጫወቱት ግን ወዲያው አወቁት። ሶኒክ ቁልቁለት ሲወርድ ክብደቱ ይገፋው ነበር፤ አቀበት ላይ ደግሞ ያገኘውን ፍጥነት ተንደርድሮ ይጠቀምበት ነበር። በአራተኛው ይህ ክብደት ጠፋ። መልኩ ሶኒክ፣ ስሙ ሶኒክ፣ እጁ ግን ሌላ! ኋላ ሴጋ ሥራውን ክርስቲያን ኋይትሄድ ለሚባል ወጣትና ለጓደኞቹ ሰጠ። እነዚህ ልጆች ከፍቅር ብቻ ተነሥተው ቤታቸው ቁጭ ብለው የሶኒክን ጨዋታ እየፈታቱ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። በ2017 «ሶኒክ ማኒያ»ን አወጡ፤ ክብደቱም ተመለሰ። ትልቅ ኩባንያ አደራውን ለወዳጆቹ ሲሰጥ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ከሁሉ ይልቅ ግን ረዘም አድርጌ ልናገርለት የምፈልገው የፋርሱን ልዑል ነው። «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዢያ»ን ጆርዳን ሜክነር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት አፕል ቱ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ ለብቻው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1989 አወጣው። ልዑሉ እንደ ሰው እንዲሮጥ ስለፈለገ ታናሽ ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ ሲሮጥና ሲዘልል በቪዲዮ ቀረጸው፤ ከዚያ እያንዳንዱን ምስል ተከትሎ ሣለ። ለዚህ ነው ልዑሉ ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ የሚንገዳገደው፤ ለዚህ ነው ዘልሎ ጠርዝ ሲይዝ ክብደቱ የሚሰማን። የአንድ እውነተኛ ልጅ ሰውነት እዚያ ውስጥ አለ። የጨዋታው ንጉሥ ግን ጊዜ ነው። ስድሳ ደቂቃ ብቻ! በስድሳ ደቂቃ ውስጥ ልዕልቲቱን ካላዳንህ አበቃ።

በ1999 በሦስት አውታር ሥዕል አዲስ ተሠራለት፤ አልተሳካም። በ2003 ግን ዩቢሶፍት፣ ሜክነር ራሱ ባለበት፣ «የጊዜ አሸዋ»ን አወጣ። ሰዓት ቆጣሪው የለም። ታዲያ እንዴት ታማኝ ሆነ? ተመልከቱት፤ በድሮው ጊዜ በልዑሉ ላይ ይነግሥ ነበር፤ በአዲሱ ልዑሉ በጊዜ ላይ ነገሠ። ከገደል ሲወድቅ ቁልፍ ትነካለህ፣ ጊዜው ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ ልዑሉም አፋፉ ላይ ይመለሳል። ሕጉን ገለበጡት፤ ነገር ግን የገለበጡት ዋናውን ሕግ አውቀው ነው። ለእኔ የታማኝነት ከፍተኛው ደረጃ ይህ ነው። ተማሪዎቼ «ታማኝ ማለት መቅዳት ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምነግራቸው ይህንን ነው። ቅኔ የተማረ ሰው መምህሩን በመቅዳት መምህር አይሆንም፤ አገባቡን ጠንቅቆ አውቆ የራሱን ይቀኛል እንጂ።

በነገራችን ላይ ሜክነር የመጀመሪያውን ጨዋታ የጻፈበትን ኮድ ለብዙ ዓመታት አጥቶት ነበር። በ2012 አባቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ዲስኮቹን አገኙለትና ማንም እንዲያየው በነፃ አወጣው። አባት ናቸው ያገኙት! እዚህ ያላችሁ ወላጆች፣ የልጆቻችሁን አሮጌ ዕቃ ከመጣላችሁ በፊት እባካችሁ ሁለት ጊዜ ተመልከቱት።

«ዱም» ስለሚባለው የተኩስ ጨዋታ ብዙ አልልም። የ1993ቱን የሚያውቁ የ2016ቱን ይጫወቱ፤ መደበቅ አያድንም፣ ሕይወት የሚገኘው ወደፊት በመሄድ ነው። ይበቃል።

አደራ ያልጠበቁትስ? አንድ ምሳሌ እሰጣለሁ፤ እርሱም ስለ ጉም ነው። ወላጆች፣ አስቀድሜ በግልጽ ልናገር፦ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ለልጆች የሚሆን ጨዋታ አይደለም። ለአዋቂ የተሠራ ነው፤ ልጆቻችሁ ከያዙት ውሰዱባቸው። ነገር ግን የ2004ቱ ሥራ አንድ ጥበብ ነበረው። ማሽኑ ሩቅ ያለውን አገር መሣል አይችልም ነበርና ሠሪዎቹ ሩቁን በጉምና በአቧራ ሸፈኑት። ከተማ ከተማን አያይም። መንገዱ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም፤ ስለዚህ አገሩ ሰፊ ነው፣ አያልቅም ትላለህ። በ2021 በአዲስ መልክ ሲያወጡት ጉሙን ገፈፉት። ተራራው ጫፍ ላይ ስትወጣ ሁሉም ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ያ ትልቅ አገር በአንድ ጊዜ ሰፈር አከለ! ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2024ም የድሮውን አየር መልሶ አስገባ።

ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን በጉም የወረደ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። እኔ አንድ ጊዜ ሽሬ ስሄድ በጠዋት ወርጄዋለሁ። ከመኪናው ፊት አሥር ሜትር እንኳን አይታይም ነበር፤ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በየመታጠፊያው ያማትባሉ። ጉሙ ሲገለጥ ያየሁት ገደል እንኳን ጉሙ ውስጥ እንዳሰብሁት አላስደነገጠኝም። ያላየሁት ነበር የሚበልጠው። የድሮ ሠሪዎች ማሽናቸው ደካማ ስለሆነ ይህን ጥበብ ተማሩ። የዛሬዎቹ ኃይለኛ ማሽን ስላላቸው ብቻ ጉሙን መግፈፍ የለባቸውም።

አሁን ሦስተኛው። እኔ ለየትኞቹ ነው የምሟገተው?

የመጀመሪያው ያው የእኛ ዊኒንግ ነው። ኮናሚ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሠራው ኖሮ በዓለም ዙሪያ ፕሮ ኢቮሉሽን ሶከር ተባለ፤ በ2021 ደግሞ ስሙን ወደ ኢፉትቦል ለውጦ በነፃ ለቀቀው። ሲወጣ ክለቦቹ ጥቂት ነበሩ፣ የተጫዋቾቹ ፊት ተበላሽቶ ነበር፣ ተጫዋቾችም በኃይል ተቆጡ። በማግስቱ ይቅርታ ተጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እኔን ያሳዘነኝ ፊቱ አይደለም። ማስተር ሊግ አብሮ አልመጣም። ማስተር ሊግን የምታውቁ እጃችሁን አንሡ። ይኸው! ይህ ሁሉ ሰው!

ለማታውቁት ላስረዳ። ማስተር ሊግ ስትጀምር የሚሰጡህ ተጫዋቾች በዓለም ላይ የሌሉ፣ በጨዋታው ውስጥ ብቻ የተፈጠሩ ደካሞች ናቸው። ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ በረኛው ኢቫሮቭ። ፍጥነት የላቸውም፣ ኳስ ይርቃቸዋል። ገንዘብ የለህም፣ ደረጃህ ዝቅተኛው ነው። በእነዚህ ሰዎች ጨዋታ በጨዋታ ነጥብ ታጠራቅማለህ፣ በነጥቡ ተጫዋች ትገዛለህ፣ ታድጋለህ። ሮናልዶን ገዝተህ እንኳን ካስቶሎን ለመሸጥ እጅህ እንቢ ይላል። የክፉ ቀን ወዳጅ ነዋ! እኛ ሃምሳ ሳንቲም የምንቆጥር ልጆች ያን ቡድን የወደድነው ለምን ይመስላችኋል? ሕይወታችንን ይመስል ነበር። ዛሬ በብዙ የእግር ኳስ ጨዋታ ውስጥ ትልቅ ተጫዋች የሚገኘው እንደ ዕጣ የሚወጣ ጥቅል በገንዘብ በመግዛት ነው። የአሥራ ሦስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ጥቅል እንድገዛለት ሲለምነኝ ልቤ አዘነ። ለዚህ ልጅ ከካስቶሎ ጋር ከታች የመነሣትን ደስታ ማን ይስጠው? የምጠይቀው ይህንን ነው፦ የዛሬው ሣር ይሁን፣ የዛሬው ስታዲየም ይሁን፣ ኳሱ ግን እንደ ድሮው ከእግር የተለየ የራሱ ክብደት ይኑረው፤ ማስተር ሊግም ደካማ ልጆቹን ይዞ ይመለስ።

ሁለተኛው «ሮድ ራሽ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረ የሞተር ብስክሌት ውድድር፤ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ የገባን ሁሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የተጫወትነው። በሰንሰለትና በዱላ እየተማታህ ትወዳደራለህ። ለፕሌይስቴሽን የመጨረሻው የወጣው በ2000 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ትልቅ ተከታይ አላወጣለትም። የዚህ ጨዋታ ነፍሱ ምን ላይ ነው? ዱላው ላይ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይደለም እላለሁ። ነፍሱ ስትወድቅ ነው። ከሞተሩ ላይ ተሽቀንጥረህ መንገድ ዳር ትወድቃለህ፣ ሌላ ጨዋታ ቢሆን ወዲያው ሞተሩ ላይ ይመልስህ ነበር። ሮድ ራሽ ግን አይመልስህም። ተነሥተህ በእግርህ ወደ ሞተርህ ትሮጣለህ፤ ተፎካካሪዎችህ በአጠገብህ ሽው ሽው እያሉ ያልፋሉ። ፖሊሱም እየመጣ ነው። ያቺ የሩጫ ጊዜ እንዴት ትረዝም ነበር! ማንም ይህን ጨዋታ ሊቀጥል ቢነሣ፣ «ዛሬ ተጫዋች ትዕግሥት የለውም» ብሎ ያችን ሩጫ እንዳይቆርጥብን እለምናለሁ።

ሦስተኛው ላይ ደረስሁ። አባቶች፣ የታገሣችሁኝ ለዚህ ነው።

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የሚባል የጦርነት ስልት ጨዋታ አለ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1999 ወጥቶ እስከ ዛሬ ሰው ይጫወተዋል። በ2015 ኢትዮጵያውያን ተጨመሩበት። ሾተል የያዙ ተዋጊዎች አሉት፣ በዮዲት ስም የተሠራ ዘመቻ አለው፣ ወታደሮቹን ስትነካቸው በአማርኛ ይመልሱልሃል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። የዚህ ጨዋታ ዓይነት ዋና ሕጉ ተራ አለመጠበቅ ነው። እኔም አንተም በአንድ ጊዜ እንንቀሳቀሳለን፤ የፈጠነና ያስተዋለ ይቀድማል። ዓለም ይህን የኮምፒውተር ዘመን ግኝት አድርጎ ያየዋል።

እንዲህ ያለ ሕግ ግን የእኛው ሰንጠረዥ ነበረው! የአባቶቻችን ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለየው በዚህ ነው። ሰሌዳው ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ በመስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠራቸውን እንደ ፈቀዱ፣ የፈቀዱትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። ይህ የመጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባላል። ወረራ! ተመልካቹም ዝም አይልም፤ እየጮኸ ይመክራል፣ ያስታጥቃል፣ ልክ እንደዚያች እንደ አራዳዋ ክፍል። ንጉሥን በኃይለኞቹ ጠጠሮች መያዝ ብዙ አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ፣ መደቅ በሚባሉት ተራ ወታደሮች መያዝ ግን ያስከብራል። ካስቶሎን አስታወሳችሁት?

እ.ኤ.አ. በ1860 እዚሁ ጎንደር አቅራቢያ ቆስሎ የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አገራችን ውስጥ ሲኖር ይህን ጨዋታ አይቶ ጽፎለታል። ከእርሱ በፊት ሄንሪ ሶልት በትግራይ የራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ጠቅሷል። እንግዲህ መኳንንቱ ድንኳን ውስጥ፣ ሹማምንቱ አዳራሽ ውስጥ የተጫወቱት ነው። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው ወጣቶች ሰንጠረዥን በወረራ የተጫወተ አለ? እጅ አላይም። አንድም እጅ አላይም።

አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ኩኩሉ የሚባል የዶሮ ሩጫ ጨዋታ በስልክ ሠርተዋል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥተዋል። ስለዚህ አይቻልም አትበሉኝ። እኔና አምስት ተማሪዎቼ ላለፉት ወራት ሰንጠረዥን በኮምፒውተር እየሠራን ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ ተቀምጠው ወረራውን በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ። ጠጠሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላም ኮምፒውተሩ ወደ ተራ ይመልሳቸዋል። ይህ ሁሉ ሆኗል። የጎደለን ግን ትልቅ ነገር ነው፤ እጅ የለንም። በወንድሜ እጅ ውስጥ ዊኒንግ እንደተቀመጠ ሁሉ፣ ሰንጠረዥ የተቀመጠበት እጅ አላገኘንም። በወረራው ጊዜ እጅ ምን ያህል ይፈጥናል? አንዱ ጠጠር ሲያነሣ ሌላው ይጠብቃል ወይስ አብሮ ያነሣል? ተመልካች ሲመክር ምን ይላል? ይህንን ሶልትም ፕላውደንም በቂ አድርገው አይነግሩንም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። አባቶች፣ እናቶች፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱ አዛውንት በሰፈራችሁ ካሉ፣ በወገራም ይሁን በደምቢያ፣ በጭልጋም ይሁን በበለሳ፣ ንገሩኝ፤ እኔ እዚያው ድረስ እመጣለሁ። መጫወቱን ባያውቁትም አባታቸው ሲጫወቱ በልጅነታቸው አጠገብ ተቀምጠው ያዩ ከሆነ እርሱም ይበቃኛል። በሩ አጠገብ አንዲት ተማሪ መዝገብ ይዛ ቆማለች፤ የሰውየውን ስምና ቀበሌ አስመዝግቡልን። ቤታችሁ ሣጥን ውስጥ መስመር ያለበት ቀይ ጨርቅ ካገኛችሁ ደግሞ አትጠቡት፣ የተቀደደውንም አትስፉት፤ እንዳለ አቆዩልኝ።